ያልተጣለው ካርቶን

የእማማ መቀስ ልጅ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እሳቸው ቤት ውስጥ እንደሌሉ ሁሉ፣ «እማዬን አሞኟት» ብሎ በስልክ ለእኅቱ ነገረ። ዘግቶ ለሚስቱ ደወለ። «ምን ይደረጋል፣ አርጅታለች» አለ። ቀጥሎ ለአክስቱ። ወሬው ሦስት ቤት ሲዞር እማማ መቀስን «እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም። ሲጨርስ ጭራሽ እጁን ዘረጋና፣ «በይ የባንክ ካርድሽን ስጪኝ፤ ከእንግዲህ እኔ እይዝልሻለሁ» አላቸው።

«እጅህን ሰብስብ» አሉት። «ካርዴን የምትወስደው ስትገንዘኝ ነው።»

«መቀስ» ያላቸው ሰፈሩ ነው። አርባ ዓመት መጋረጃ ሰፍተዋል፤ ምላሳቸውም እንደ መቀሳቸው ዶልዱሞ አያውቅም። ፊደል አልቆጠሩም። ይህን እንደ ነውር ለሚያነሳባቸው፣ «ያልተማረ ዓይኔ የለካው መጋረጃ አጥሮ ያውቃል?» ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለአንድ ክሊኒክ ስልሳ መጋረጃ ሊሰፉ ተዋውለው ቀብዱን እንደተቀበሉ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝላቸው አሮጌው ኦቨርሎክ ማሽን ሞተሩ ተቃጠለ። ስልክ ላይ ካለው ገበያ ሌላ መረጡ፤ ፊደሉን ባያውቁ ማሽንን በመልኩ ያውቃሉ። በቀብዱ ከፈሉ። የካርዱን ቁጥር ያስገባላቸው ልጃቸው ነበር፤ ለእኅቱ ሲያወራ ግን ይህቺን ዘለላት።

ከሳምንት በኋላ ዕቃ አድራሹ ደጃፋቸው ቆሞ፣ «እማማ፣ ይቺን ‹ደርሶኛል› የምትለዋን ቶሎ ይጫኑልኝ፣ ሞተሬን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት» አላቸው። ካርቶኑ እጃቸው ላይ ቀለላቸው። «የዘንድሮ ብረት» ብለው አለፉት። ዕቃ መድረሱ እውነት ነው፤ እሳቸውም እውነት አይሸሽጉም፤ ተጫኑ። ሲከፍቱት በመዳፍ የምትያዝ፣ ወረቀት እንኳ በወጉ የማትሰፋ የፕላስቲክ መጫወቻ። ልጃቸው ለሻጩ ቢጽፍለት፣ «ደርሶኛል ብለዋል» ብሎ መለሰና ጠፋ። ክሊኒኩ ግን መጋረጃውን ይጠብቃል፤ ማሽን የለም፣ ቀብዱም የለም፣ አሁን ደግሞ ካርዱም ሊሄድ ነው።

ልጃቸው ካርዱን በጠየቃቸው ማግሥት ጠዋት ካርቶኑን ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ሊፍቱ ከቆመ ሳምንቱ ነውና፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደከማቸው። እዚያው ቁጭ አሉ። ከበላያቸው የምትኖረው ወጣት ወደ ሥራ እየወረደች ነበር። ባንክ ውስጥ የካርድ ክፍል ስለምትሠራ ሕንጻው ሁሉ «የባንኳ ልጅ» ይላታል።

«እንደምን አደሩ እማማ? ልያዝልዎት?»

«ምን ክብደት አለውና ትይዥልኛለሽ። ይልቅ አድራሻውን አንብቢልኝ። የሸጠልኝን ሰውዬ ሄጄ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልጠይቀው ነው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ይሄ የመጋዘን ቁጥር ነው፤ ሰውየውን እዚያ አያገኙትም። ምን አደረገዎት?»

ነገሯት። ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማች። እማማ መቀስ ይህን ልብ አሉ።

«ለባንክዎ የክፍያ ቅሬታ አቀረቡ?»

«ደጅ ልጠና? በዚህ ዕድሜዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም።»

«ልመና አይደለም እማማ፣ መብትዎ ነው። በካርድ ከፍለው የተባለው ዕቃ ካልመጣ ባንክዎ የሻጩን ባንክ ይጠይቃል። ሻጩ በቂ ማስረጃ ካላመጣ ገንዘቡ ይመለስልዎታል። ብቻ ጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ አለፈ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ በይኝ እንጂ። ባንኩ ሰውየውን አያውቀው፣ ሰውየው ባንኩን አያውቀው፣ እኔን ሁለቱም አያውቁኝ። በእኛ ጊዜ የተጣላ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰው መሐል ገብቶ ነበር የሚዳኘው።»

«ይኼም ያው ነው። መሐል የሚገባው ባንኩ ነው። ጮክ ብሎ የተናገረውን ሳይሆን ማስረጃ ያለውን ይሰማል።»

«ደግሞስ ወሬው? የአርባ ዓመት ሰፊ በልጅ መጫወቻ ተታለለች ይባልልኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሰረቀው ሳያፍር እርስዎ ምን አሳፈረዎት? ዝም ካሉ ነገ ያንኑ መጫወቻ ለሌላዋ ሰፊ ይልክላታል። ‹ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል› ይባል የለ? ቆራጩ የሚመላለሰው የሚጮህበት ሲያጣ ነው።»

«ተረት ታውቂያለሽ ለካ። ይኼንንም ባንክ ነው ያስተማረሽ?»

«አያቴ ናት።»

«እንዲያ በይኝ። ነገርሽ ጥርስ ያለው ለዚህ ነዋ» አሉና ደረጃው ላይ ጠጋ አሉላት። «ተቀመጪ፤ አንገቴን አሳመምሽው።»

ኩራት ደግ ነገር ነው። ሌባ የተደበቀበት ኩራት ግን ለሌባው መጋረጃ ይሆነዋል፤ እማማ መቀስ ደግሞ ለማንም መጋረጃ በነጻ ሰፍተው አያውቁም። ልጅቷ ይህን ባትላቸውም እሳቸው እዚያ ደረጃ ላይ አሰቡት።

«አንድ የሚያስቸግረን ነገር አለ» አለች ልጅቷ። «‹ደርሶኛል› ብለዋል። ሻጩ አጥብቆ የሚይዘው እሱን ነው።»

«ደርሷላ። ልዋሽ?»

«ከፍተው ሳያዩ ነዋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«የቸኮለው ሞተረኛው ነው» አሉ። እውነት ብላለች፤ ይህን በመናገር ፈንታ ግን ካርቶኑን ወደ እሷ ገፉላት።

ልጅቷ ካርቶኑን ስታገላብጥ ቆየች። «እማማ፣ ዕቃው የመጣበት ካርቶን ራሱ ነው? ሰው ሁሉ ዕቃውን ያወጣና ካርቶኑን ይጥላል እኮ።»

«ሰው ሁሉ ሰፊ አይደለም። ካርቶን የጨርቅ ልክ ይወጣበታል። አልጋዬ ሥር የአሥር ዓመት ካርቶን አለ፤ ልጄ ‹ቆሻሻሽን ጣይ› እያለ ይነዘንዘኛል።»

«እንኳን አልጣሉት።» ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጣቷ ነካች። «አጓጓዡ ሲቀበል መዝኖ ጽፎበታል። ስድስት መቶ ግራም ይላል። ማስታወቂያውስ ማሽኑን ስንት ኪሎ ነው የሚለው?»

ስልካቸው ተከፈተ። ማስታወቂያው አሁንም አለ። ዘጠኝ ኪሎ።

«እጄ አውቆት ነበር» አሉ እማማ መቀስ ዝግ ባለ ድምፅ። «እጄን አላመንኩትም።»

ልጅቷ መሥሪያ ቤቷ ደውላ ላርፍድ ብላ ካርቶኑን ይዛ ወደ ቤታቸው ተከተለቻቸው። የስፌት ጠረጴዛው ላይ መጫወቻዋን፣ ካርቶኑን፣ የክብደት ወረቀቱን፣ ማስታወቂያውን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። ቅሬታውን በስልካቸው ለባንኩ ለማስገባት የምሥጢር ቁጥራቸው ሲጠየቅ ስልኩን አቀበለቻቸውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንቺን አምንሻለሁ እኮ።»

«አይመኑኝ። ይህን ቁጥር ባንክ ነኝ የሚል ቢደውልልዎት እንኳ አይንገሩ። እኔም ብሆን።»

ከዚያ የሆነውን መጻፍ መጣ። እማማ መቀስ ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያጽፏት ጀመር። «ይህ ሌባ፣ የሌባ ልጅ ብለሽ ጀምሪ።»

«አይጻፍም እማማ።»

«ውሸት ነው?»

«የአባቱን ነገር ማስረጃ የለንም። የተባለው ይህ፣ የመጣው ይህ፣ ክብደቱ ይህ፣ ሻጩን ጠይቀን የመለሰው ይህ። በቃ።»

በቃ ሆነ። አራት መስመር። ለአርባ ዓመት ሲከራከሩ የኖሩት ሴትዮ ነገር እንዲህ አጥሮ ሲሄድ አይተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የስልሳውን መጋረጃ ጠርዝ በእጅ መርፌ መያዝ ጀመሩ። ጣታቸው ተበሳሳ። በአሥረኛው ቀን ሻጩ መልስ ሰጠ ተባለ፤ እንደተፈራው «ደርሶኛል ብላለች» ነው። እማማ መቀስ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ባንኩ ግን የክብደቱን ወረቀት አስቀርቦ፣ ዘጠኝ ኪሎ ማሽን በስድስት መቶ ግራም ካርቶን እንዴት እንደተላከ ሻጩን ጠየቀ። ሻጩ ማስረጃ ሊያመጣ አልቻለም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ። ፊደል ባይቆጥሩ ቁጥር ያነባሉና አዩት፤ የከፈሉት ራሱ ነው፣ አንድም አልጎደለም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ከአንድ ወር ወዲህ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ተሰቅሎ እንደነበር ያወቁት አሁን፣ ሲወርድላቸው ነው። አለቀሱ ቢባል ይክዳሉ፤ መነጽራቸውን ግን ሁለቴ ጠረጉ።

ዛሬ በዚያ ሕንጻ ዕቃ አድራሽ ሲመጣ ሴቶቹ ደጃፍ ላይ ካርቶን ከፍተው፣ ዕቃውን አይተው ነው «ደርሶኛል» የሚሉት። ሞተረኛው ቢቸኩል ይጠብቃል። ካርቶን ሳይጣል ይከርማል፤ ፎቶ ይነሳል፤ የተታለለ ሰውም ቀኑ ሳያልፍበት ባንኩን ይጠይቃል እንጂ አንገቱን ደፍቶ አይቀመጥም። ይህን ያስተማሯቸው እማማ መቀስ ናቸው። ልጅቷን ሲያገኟት «አያትሽን ሰላም በይልኝ» ይሏታል፤ ማመስገናቸው ነው።

ልጃቸው የመጣው ገንዘቡ በተመለሰበት ሳምንት መጨረሻ ነው። አዲሱ ኦቨርሎክ ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ይንጫጫል፤ የመጨረሻዎቹ መጋረጃዎች ጠርዝ ይያዛል። ልጅየው ማሽኑን አየ፣ እናቱን አየ።

«ከየት አመጣሽው?»

እማማ መቀስ ማሽኑን አቆሙ። «መጀመሪያ ከፍ አድርገህ እየው» አሉት። ሁለት እጁን አግብቶ ሞከረው፤ ከጠረጴዛው በጭንቅ ተነሣ። «ማሽን ማለት ይኼ ነው። የፊተኛውን ገንዘብ አስመለስኩ። በዚያው ጣይ በምትለኝ ቆሻሻዬ።»

«እውነትሽን ነው? እኔ እኮ የጠፋ መስሎኝ…»

«መስሎህ ለሦስት ሰው ደወልክ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ካርዴ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ እሱ ላይ ንግግር የለም። አሁን ያንን ስልክ አውጣ። ‹አሞኟት› ባልክበት ድምፅ ‹አስመለሰች› በል። የካርዱን ቁጥር ማን እንዳስገባውም ንገራቸው። ከእኅትህ ጀምር። ድምፁን ከፍ አድርገው፤ እኔም ልስማ።»