የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አቶ ግዛቸው አሰላ አውቶቡስ ተራ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ፣ አንድ ሰው ከኋላው ትከሻውን ነካ አደረገው። ዞር ቢል ኦቦ ከዲሮ ናቸው፤ ኢተያ አጠገብ ያለችው የትውልድ መንደሩ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር።

"ግዛቸው! ሰላም ነህ ወይ ልጄ? እናትህ እኮ..."

"ደህና ነኝ ኦቦ ከዲሮ፤ እስቲ ወደዚህ ፈቀቅ እንበል" ብሎ ሰው ወደሌለበት ጥግ ወሰዳቸው።

ግዛቸው አሰላ ውስጥ አገር ጎብኚዎችን የሚያስተናግድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እናቱ ወይዘሮ አሰፋች ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን ግን ከመሥሪያ ቤቱ አንድም ሰው አያውቅም። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን "ቡዳ ነው" ብሎ እየሸሸ፣ በሠራው ድስት ግን ወጡን አብስሎ የሚበላ ብዙ ነበር። የተማረውም ቢሆን ልማዱን በአፉ ይነቅፈው እንጂ በልቡ አልተወውም።

ኦቦ ከዲሮ፣ "ቅዳሜ ከውጭ አገር የሚመጡትን ጎብኚዎች ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ እንድታመጣልን ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ለምን ዝም አልከን?" አሉት።

"እርሻውን ቢያዩ አይሻልም? ትራክተሩን፣ ኮምባይነሩን... በጭቃና በጭስ መካከል እንግዳ አስገብቼ ምን ላሳይ?"

"ኮምባይነሩን የላከልን የእነሱው አገር አይደለም እንዴ? ያገራቸውን ዕቃ ሊያዩ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጡት?"

ግዛቸው ሌላ ምክንያት ፈለገ። "ደግሞስ ሰው እንደ ዝንጀሮ ተከቦ ሲታይ ደስ ይላል? እኔ ለሴቶቹ ክብር አስቤ ነው።"

"እሱስ እውነት ነው፤ እኛም ፈርተነው ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው ተሰብስበው ደንብ አወጡ። በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ አይመጣም። ሳያስፈቅድ ፎቶ የሚያነሳ የለም። የመጣው ሰው ቆሞ አያይም፤ ቁጭ ብሎ አፈሩን አብሮ ያቦካል። ዋጋውን ሠሪዋ ትናገራለች እንጂ ደላላ አይገባም። አፈር የወጣበት ጉድጓድ ይደፈናል፤ ለማገዶ በተቆረጠው ዛፍ ምትክ ሌላ ይተከላል። ይህ ያዋርዳል?"

"አያዋርድም..."

"እንግዲያው ልጄ፣ የምታፍረው በጭቃው ነው ወይስ በእናትህ?"

ግዛቸው መኪናው መጣ እንደሆነ ዞሮ አየ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አርባ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ከቤቷ ውሃ ቀምሼ አላውቅም ነበር። አምና ታምሜ ስወድቅ ያስታመመችኝ ግን እሷ ናት። አላህ ይቅር ይበለኝ" አሉት።

ቅዳሜ ግዛቸው እንግዶቹንና የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር ይዞ ወደ መንደሩ ሄደ፤ ልቡ ግን እንዳመነታ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ከሥራቸው ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ እንደማያውቁት ሰው እጅ ነሡት።

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ? እንግዶችዎን ያስቀምጡ።"

እናቱ አንቱ አሉት! ምስጢሩን ሊጠብቁለት መሆኑ ገባውና ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

አንዲት ጎብኚ አጠገባቸው ተቀምጣ ጭቃውን እያድበለበለች፣ ልጅ እንዳላቸው ጠየቀች። ግዛቸው አስተረጎመ።

"አንድ አለኝ" አሉ፣ ወደ እሱ ሳያዩ። "ተምሯል። ሩቅ አገር ነው።"

ግዛቸው ይህን እንዴት አድርጎ ያስተርጉም? ድንገት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። "ልጃቸው እኔ ነኝ፤ እናቴ ናቸው" አለ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛና በኦሮምኛ።

"ተነሥ፣ ሱሪህ ተበላሸ" አሉ እናቱ። ይህን ይበሉ እንጂ እጃቸው ትከሻውን አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ መንደሯ እንግዳ አላጣችም። ሴቶቹ ሸክላውን ተሸክመው ገበያ ወርደው በርካሽ ከመሸጥ ዳኑ፤ ባገኙት ገቢ የመንደሩን ምንጭ አስገነቡ፤ ሙያውን ሊተዉ የነበሩ ልጃገረዶችም ተመልሰው ተማሩት። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ባዕድ መጥቶ ጭቃቸውን ሲነካ ያየ ጎረቤት፣ እሱም አፍሮ ከቤታቸው መብላት ጀመረ።

ስለዚህ ለውጥ ሰዎች ግዛቸውን ሲያመሰግኑት ግን ደስ አይለውም። "እናቴ 'ሩቅ አገር ነው' ስትል አልዋሸችም" ይላል። "ከአሰላ እሷ ዘንድ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ያራቅሁት እኔ ነኝ።"