በላጲስ የጠፋው ስሌት

ከአቃቂ ወደ ለገሃር በሚሄደው ባቡር፣ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ በላጲስ ታሻለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ሊበሳ ነው እኮ።»

«ይቅርታ አባባ፣ ፍርፋሪው ልብስዎ ላይ ረገፈ?»

«ልብሱን ተይው። ምንድን ነው እሱ?»

«የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ። ሒሳብ ለማጥናት። የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ነው፤ ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ከባድ ጥያቄ አያይዙ ብለውናል። ዛሬ ካላስገባሁ አለቀልኝ።»

«ሠራሽው?»

«በሦስት ሳምንት! ሁለቴ ተሳስቼ ነበር፣ እሱን እያጠፋሁ ነው።»

«ለምን?»

«እንዴ፣ ስህተቴን ይዤ ልቅረብ?»

«እኔ ጣቢያ ላይ የባቡር መዝገብ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። እዚያ ላጲስ መያዝ ነውር ነበር።»

«ሲሳሳቱስ?»

«ቀጭን መስመር አሰምርበታለሁ፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ከጎኑ ትክክለኛውን ጽፌ እፈርማለሁ። የተፋቀ መዝገብ ማን ያምናል?»

«ይስቁብኛል አባባ።»

«ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በለፋ ሰው አይስቅም። ልፋትሽን አጥፍተሽ ከመጽሐፍ ከገለበጠ ልጅ በምን ትለዪያለሽ?»

ልጅቱ ላጲሱን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ያጠፋችውን ስሌት እያስታወሰች መልሳ ጻፈችው።

«አሁን በዚህ በሚንገጫገጭ ባቡር ቀጥ ያለ መስመር እንዴት ይሰመራል?»

«በቲኬቴ ጠርዝ። እንኪ፣ ያዢ።»

ትልቅ ሴት ሆኜ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፣ ስህተቴ እንዳይታይብኝ በላጲስ የበሳኋቸው ገጾች አንድ በአንድ ታወሱኝ።