ጋዝ የሚጠጣው ዱቄት

የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አውራ ጣት» ይላቸዋል፤ ዱቄቱን በአውራ ጣታቸው አሸት ሳያደርጉ ለማንም አስረክበው አያውቁምና። ያን ቀን ፊታቸው ተቋጥሯል።

«መምህር፣ ጥሩ ጊዜ ተገናኘን። የወንድሜን ልጅ ከምትሠራበት የጋዝ ቤተ ሙከራ ላስወጣት ነው። እርስዎ አስተምረዋታል፤ ቃልዎን ትሰማለች።»

ወንድማቸው በያጅ ነበር፤ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ገደለው። ልጅቱን ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። እኔም ላስማማ ብዬ አብሬ ተሳፈርኩ፤ ልቤ ግን ለእሷ ያደላ ነበር።

ቤተ ሙከራው ስንገባ ከብረት ጣሳ የሚወጣ ኳኳታ ክፍሉን ሞልቶታል። ልጅቱ ብድግ አለች።

«አጎቴ፣ ምነው በደህና?»

«አባትሽን የበላ ጋዝ አንቺንም እንዲደግም አልፈልግም። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«አባቴን የገደለው በግድ የታጨቀ ጋዝ ነው። እኔ የምደክመው መታጨቁ እንዲቀር ነው። አንዴ ይዩልኝ፤ ከዚያ እርስዎ እንዳሉ።»

የሽማግሌው ጆሮ ወደሚሽከረከረው ጣሳ ሸፍቷል።

«ይሄ ወፍጮ ነው እንዴ?»

«ድንጋይ የሌለው ወፍጮ ነው። የብረት ኳሶቹ ማግኒዚየም የሚባል ብረት ይወቅጣሉ። በደቀቀ ቁጥር ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ መግቢያው ይበዛል።»

«ድምፁ ታፍኗል። ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ተጋግሯል። አሳርፊው፣ ይቀዝቅዝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ዱቄቱ ለምን ደቆ አልልም እንዳለ ሳስብ ነበር» አለችና አጠፋችው።

እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን አዘጋጅተው ክዳኑን ያዙ። ልጅቱ እጃቸውን ያዝ አደረገች።

«አየር ከነካው ይቀጣጠላል፣ አጎቴ።»

«ይኸው! አላልኩሽም?»

«አደጋ የለውም አላልኩም። ስለዚህ ነው ሥርዓት ያበጀንለት።»

ቀድሞ የተፈጨ ዱቄት፣ ምድጃ ላይ በሞቀ ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ነበር። የጋዙን መክፈቻ አዞረችው። የግፊት መለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ወረደ። ፉጨት የለ፣ ሽታ የለ።

«የት ገባ?» አሉ ሽማግሌው።

«ዱቄቱ ጠጣው።»

ሙቀቱን ጨመር አድርጋ ጋዙን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ስታሳልፈው አንዲት አምፖል በራች። ስንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰውዬ ጠጉሬ ቆመ። ከብረት ዱቄት ብርሃን ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ቱቦው ቢበሳስ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ጋዙ ሲወጣ ዱቄቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልቀቁን ይቀንሳል። የአባቴ ሲሊንደር ግን ሁሉንም ባንዴ ነው የተፋው። ይሄ ሥራ ከደረሰ ቀን በፀሐይ ኃይል ከውኃ የምናወጣው ጋዝ ዱቄቱ ውስጥ ለማታ ይቀመጣል፤ የሰው አባትም ቦምብ አጠገብ አይውልም።»

ሽማግሌው አምፖሏን ጠጋ ብለው አዩ። እኔም ክርክሩን የረታው የእኔ ትምህርት ሳይሆን ያቺ አምፖል መሆኗን ልደብቅ አልችልም።

ጣሳው ሲቀዘቅዝ ልጅቱ አየር ወደማይገባበት የመስታወት ሣጥን አስገባችው። ሣጥኑ ግድግዳው ላይ የተገጠመ ጥንድ የላስቲክ ጓንት አለው። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን በአንደኛው ከተቱ፤ እሷም በሌላኛው ጓንት ክዳኑን ከፈተችላቸው። በላስቲኩ ውስጥ ሆነው ቆንጠር አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ረጅም ጊዜም አሹት።

«ገና ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ዙር ይቀረዋል። ሳይልም ለማንም እንዳታስረክቢ።»