በዳቦ ፌስታል የተደበቀው መርፌ

የመኖሪያ ሕንፃው አሳንሰር እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። የጽዳት ሠራተኞቹ ኃላፊ አንድ ፌስታል ከሰውነቷ አርቃ ይዛ፣ የማን እንደሆነ በየበሩ ልትጠይቅ ደረጃውን ትወጣለች። ባልደረቦቿ «ጓንት» ይሏታል፤ ባዶ እጁን ቆሻሻ የሚነካ ካየች አለቃዋንም አትምርም። ዛሬ ግን ንዴቷ በሠራተኛ አልነበረም። አብራት የምትሠራ ልጅ ከዚህ ፌስታል በወጣ መርፌ፣ ጓንቷን በስቶ፣ መዳፏን ተወግታለች።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከላይ የሚኖሩት ጡረተኛ የቢሮ ጸሐፊ ሲወርዱ ተገጣጠሙ። የተተኮሰ ሱሪ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በእጃቸው ፌስታል። ጓንት አፈጠጠች። ፌስታሉ እሷ እንደያዘችው ሁሉ ሦስት ጊዜ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ታስሯል።

«ደህና አደሩ ጋሼ። ይሄ ቋጠሮ የእጅዎ ሥራ ነው?»

«እኔም ስፈልግሽ ነበር!» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው። «ልጄን ምን ብለሽ ነው ያሳሳትሻት? አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨርሻት ጽዳት ልግባ ትለኛለች! የትምህርት ማስረጃዋን ቆልፌበታለሁ። የጽዳት ሥልጠናው ምዝገባ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ያኔ እንገላገላለን።»

«እኔ ምኑን አሳሳትኳት? ሥራው እንዴት ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ ቋሚ ቅጥር። አሁን ቋጠሮው የማን ነው?»

«የኔ ነው! ቆሻሻ አስሮ መጣልም ነውር ሆነ?»

ጓንት በእጇ ያለውን ፌስታል መርፌው በቀደደው በኩል ከፈት አደረገችላቸው። የዳቦ ፌስታል፣ በውስጡ ያገለገሉ መርፌዎች።

ጸሐፊው ደንግጠው ወደ ላይ ወደ ታች አዩ። «ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል! ስኳር እንዳለብኝ ማንም አያውቅም። ዳቦ እንዲመስል ብዬ ነው።»

ልብ በሉልኝ! እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲደረድሩ የኖሩ፣ አንዲት ወረቀት ያለ ቦታዋ ብትገኝ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። መርፌውን ግን ዳቦ አስመስለው ጣሉት። መታመም አሳፈራቸው፤ ሰው መውጋት ግን ትዝም አላላቸውም!

«የጎረቤቱ ይቅርብዎ» አለች ጓንት። «የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ተወግታ ክሊኒክ ተቀምጣለች። ሕፃን አላት። ‹ቤት ስገባ ላጥባው ወይስ ልተወው?› አለችኝ። ምን ልበላት ጋሼ? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኝ።»

ጸሐፊው የተተኮሰ ሱሪያቸውን ሳያስቡ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። ክርክሩ ግን አልለቀቃቸውም።

«ይኸው ራስሽ መሰከርሽ! እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ልጄ እጇን ትክተት?»

«መርፌውን ማን ከተተው? ሥራችን መርፌ አይወልድም! ከሃያ አራታችን ማንበብ የምንችል ሦስት ነን። የሚቀደድ ጓንት ሲያድሉን ‹አንቀበልም› ብሎ የሚጽፍልን የለም። ልጅዎ ትጽፋለች። ሥልጠናው ይሄንኑ ነው የሚያስተምራት፤ የቱ ይነካል፣ የቱ አይነካም፣ ሲወጉ የት ይኬዳል። ነገ ፈረቃ ትመራለች፣ የቆሻሻ መኪናውንም ትነዳለች። የተማረ አይግባ ካሉ እኛ ስንወጋ ልንኖር ነው?»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው! መኪናችን ተበላሽቶ አራት ቀን የቀረን ጊዜ አይጥ በደረጃው ሲመላለስ፣ በመስኮት ብቅ ብለው ‹የት ጠፋችሁ እናቶቼ!› ያሉት እርስዎ አይደሉም? በአምስተኛው ቀን ጠረግንልዎት። በስድስተኛው ‹አንቺ ጠራጊ› ሆንኩ።»

ጸሐፊው አቀረቀሩ። 

«ለዚያች ልጅ ምን ላድርግላት እህቴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ክሊኒክ ሄደው ደምዎን ለምርመራ ይስጡ። የእርስዎ ደም ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ እሷም ትንፋሿ ይመለሳል። መርፌውን ደግሞ ከእንግዲህ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተው፣ ከድነው፣ ‹መርፌ› ብለው ጽፈው ለክሊኒክ ይመልሱ። በትልቁ ይጻፉት።»

ጸሐፊው ፌስታላቸውን ይዘው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ወጡ። ቁልፍ ሲንቃጨል ተሰማ፣ ቀጥሎ የልጅቷ እልልታ። ማስረጃዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወረደች። አባቷ ከኋላ ተከተሉ።

ቆሻሻ ልትጥል የወጣች ጎረቤት በሯ ላይ ቆማ፣ «ምነው ጋሼ፣ በደህና?» አለች።

«በደህና አይደለም» አሉ ጸሐፊው፣ ድምፃቸው ሌላኛው ፎቅ ድረስ እየተሰማ። «ስኳር አለብኝ። ደብቄ በጣልኩት መርፌ ሰው አስወግቻለሁ፤ ክሊኒክ መሄዴ ነው። ልጄ ደግሞ ልትመዘገብ ነው። ጽዳት ትገባለች።»

ጎረቤቲቱ የያዘችውን ፌስታል ቁልቁል አየችው። የተሰበረ ብርጭቆ ነበረበት። ይዛው ተመልሳ ገባች፤ ጓንትም ከበሩ ጀርባ ለብርጭቆው መጠቅለያ ወፍራም ካርቶን ሲቀደድ ሰምታ ወደ ሥራዋ ወረደች።