በሌላ ሰው የታሰረ ገመድ፦ የአድሚራል ቤልሚሮ ኳሬዝማ ዜና ሕይወት

ክቡራን ሐዘንተኞች፣ ከወንዙ ወዲህም ከወንዙ ማዶም የመጣችሁ ወዳጆች፤ ይህን ታሪክ የምታነብላችሁ የሟቹ ታናሽ እኅት ኤርሜሊንዳ ናት። ጽሑፉ በራሳቸው በሟቹ ትእዛዝ መሠረት ለቤተሰቡ በሙሉ ተልኮ፣ እስከ ትናንት ቀትር ድረስ ተቃውሞ ያቀረበ ስላልተገኘ ሁሉም እንደተስማማበት ይቆጠራል። ይህ ደንብ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከተለ ከታሪኩ ትሰሙታላችሁ።

አድሚራል ቤልሚሮ ኳሬዝማ ከአባታቸው ከአቶ ዛካሪያስ ኳሬዝማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሜና እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ፖርቱጋልን ከስፔን በሚለየው በጓዲያና ወንዝ ዳር፣ በዚችው በቪላ ሪያል ከተማችን ተወለዱ። አባታቸው በጀልባ ሰው ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግሩ፣ የማዶውንም የወዲህኛውንም ሰው እኩል የማያምኑ ሰው ስለነበሩ፣ ሌላ ሰው ያሰረውን የጀልባ ገመድ ፈትተው እንደገና ሳያስሩ ወደ ቤታቸው አይመለሱም ነበር፤ ይህንንም ልማድ ልጃቸው ገና እጃቸው ሳይጠና ወረሱት፤ ይህቺ እኅታቸውም አልቀረባትም። እናታቸው ታዲያ «አንተ ልጅ፣ አዋላጇ እትብትህን ስታስር ብትነቃ ኖሮ ፈትተህ ታስረው ነበር» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ፣ የባሕር ኃይል ትምህርታቸውን ደግሞ በሊዝበን አጠናቀው በልዩ ልዩ መርከቦች ላይ ሲያገለግሉ፣ ማንኛውንም ነገር በሰው ቃል ብቻ ባለመቀበላቸው ከአለቆቻቸው ምስጋና፣ ከበታቾቻቸው ሐሜት አትርፈዋል። የታቪራውን መድኃኒት ቀማሚ ልጅ ወይዘሮ ግራሲንዳን ባገቡ ዕለት እንኳ ቀለበቱ መኖሩን ለማረጋገጥ ሚዜያቸውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁመው ኪሱን አስፈትሸዋል። ከዚህ ጋብቻ ወይዘሮ ኦታቪያንና በስተርጅና የመጣውን ሩፊኖን ወልደዋል።

ከዚያም አገራቸው አባል ወደሆነችበት የጦር ቃል ኪዳን ጠቅላይ መምሪያ፣ ቤልጅግ ወዳለችው ወደ ሞንስ ተላኩ። በዚያ ግቢ እያንዳንዱ ከፍተኛ ወንበር የአንድ አገር ድርሻ ሲሆን፣ አንዱ ጄኔራል ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ማን ይውረስ በሚለው ላይ የሚደረገው ክርክር፣ ጠላት ቢመጣ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ከሚደረገው ይበልጥ ነበር። አንዱ ብዙ መርከብ አዋጥቻለሁ፣ ሌላው ወደቡ የእኔ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ባለፈው ተዘልያለሁ ይላል፤ ምሳ ላይ ሾርባ የሚያቀብልህ መኮንን ከሰዓት በኋላ ወንበርህን ሊወስድ እንደማይመጣ ማንም አይምልልህም። ቤልሚሮ ቤታቸው የደረሱ ያህል ተሰማቸው።

ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ መካከል ያለ ጥርጣሬ የቀረቧቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እኒህም ከጓዲያና ማዶ፣ በመስኮታችን ከምትታየው ከአያሞንቴ የተወለዱት ስፔናዊው ዶን ኤላዲዮ ሮሜራል ናቸው። በልጅነታቸው ከዳር ሆነው ድንጋይ የተወራወሩ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተሳስቀው ተማምነዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤልጅግ ዝናብ ሥር ሰርዲን ጠብሰዋል፤ ሩፊኖም ሲወለድ የክርስትና አባት የሆኑት ዶን ኤላዲዮ ናቸው።

በዚህ መካከል የደቡቡ ባሕር ኃይል መምሪያ ምክትል አዛዥነት ተለቀቀ። አገሮቹ ክረምቱን ሙሉ ሲጓተቱ ቆይተው በመጨረሻ በቤልሚሮ ስም ተስማሙ ተባለና፣ ስማቸው በቃል ኪዳኑ ደንብ መሠረት ወደየመንግሥታቱ ተላከ። ደንቡ ቀላል ነው፤ እስከ ተቆረጠው ሰዓት ዝም ያለ ተስማምቷል፤ የተቃወመ ግን ዝምታውን ሰበረ ይባላል፣ ማንነቱንም ከኮሚቴው ሰብሳቢ በቀር ማንም አያውቅም። ወይዘሮ ግራሲንዳ ለዝውውሩ መጋረጃዎቹን አውርደው አጣጥፈው ነበር። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዝምታው ተሰበረ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ወንበሩ ለስፔን ሰው ተሰጠ።

ቤልሚሮ ወዳጃቸውን በአገናኝ መንገዱ ላይ አስቁመው «ኤላዲዮ፣ ዓይኔን እያየህ መልስልኝ። እናንተ ናችሁ?» አሏቸው። ዶን ኤላዲዮ መሬት መሬቱን አይተው ዝም አሉ።

«በቃ፣ ገባኝ» ብለው ቤልሚሮ ጥለዋቸው ሄዱ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት መሥሪያ ቤት ዝምታን ስምምነት ብሎ አስተምሯቸዋልና፣ ያንን ዝምታ እንደ ኑዛዜ ቆጠሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዶን ኤላዲዮ ስም በቤታቸው አልተነሳም፤ ለልጁ የሚላከው የልደት ስጦታም ሳይከፈት ተመለሰ። ጡረታ ወጥተው ወደዚህ ከተማ ሲመለሱ ዶን ኤላዲዮም ወደ አያሞንቴ ተመልሰው ስለነበር፣ ወንድማችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የማዶውን ሰውዬ ጀልባ በባሕረኛ መነጽራቸው መከታተል ዋና ሥራቸው ሆነ። ወይዘሮ ግራሲንዳ «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ሊያጠምድ ነው የወጣው» ቢሏቸው «እንደዚያ እንድናስብ ነው የሚፈልገው» ይሉ ነበር። ይህቺ እኅታቸውም መነጽሩን ተቀብላ ታግዛቸው እንደነበር አትክድም። በሩፊኖ ሠርግ የክርስትና አባቱ ወንበር ባዶውን ዋለ፤ ልጁም ያን ወንበር ደጋግሞ ሲያይ ማየት አንጀት ይበላ ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ የያኔው የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ኖርዌያዊው ጄኔራል ኦድቫር፣ ፀሐያችንን ሽተው ለዕረፍት መጡና ወንድማችን ምሳ ጋበዟቸው።

«ያኔ የሠሩብህ ነገር እስካሁን ይቆረቁረኛል» አሉ ጄኔራሉ።

«ማዶዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ተወው።»

«የምን ማዶ? የራስህ ሰዎች ናቸው እንጂ! ታውቃለህ ብዬ ነው እኮ።»

ለካስ አገራቸው ፖርቱጋል፣ በምድሯ ያለው የቃል ኪዳኑ መምሪያ እንዳይዘጋባት በሌላ ክፍል ስትደራደር፣ የገዛ ሰውዋን ወንበር ለጎረቤት አሳልፋ ሰጥታ፣ የገዛ እጩዋን ስም ራሷ ተቃውማ ኖሯል። ዝምታ ሲሰበር ሰው ሁሉ የሚያየው ጎረቤቱን ነው፤ ከሁሉ ተጠራጣሪ የነበሩት ወንድማችን ያልጠረጠሩት አንድ ነገር ቢኖር ቤታቸውን ነበር።

በማግስቱ በድልድዩ ሳይሆን እንደ አባታቸው በጀልባ ተሻገሩ። ዶን ኤላዲዮ ወደቡ ላይ ጀልባቸውን ቀለም ሲቀቡ አገኟቸው።

«ይቺን ወንዝ ለመሻገር ይሄን ያህል ዘመን ፈጀብህ?» አሏቸው ቀና ሳይሉ።

«ታውቅ ነበር?»

«ድርድሩ ላይ እኮ የኛም ሰዎች ነበሩበት። አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልህ? አገርህ ናት የሸጠችህ ልበልህ? የለበስከው ልብስ የሷ ነው። ከምትጠላት እኔን ጥላኝ ብዬ ነው፤ እኔ እችለዋለሁ ብዬ። ኋላ ግን ከበደኝ።»

ወንድማችን እዚያው ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ይህን የምታነበው እኅታቸው ያኔ ስትሰማ አላመነችም ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ዶን ኤላዲዮን በጎን ስታይ ቆይታለች።

የልብ ሕመማቸው ከጸናባቸው ጀምሮ ዶን ኤላዲዮ በየሳምንቱ እየተሻገሩ በጀልባቸው ወንዙ ላይ ያንሸራሽሯቸው ነበር። ሲመለሱ ገመዱን የሚያስሩት ዶን ኤላዲዮ ሲሆኑ፣ ቤልሚሮ ግን ገመዱን ገልመጥ እንኳ ሳያደርጉ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ይህን ያየን የኳሬዝማ ልጆች ሕመሙ እንደባሰባቸው ያወቅነው በዚሁ ነው፤ አሁን ስናስበው ግን የዳኑት ያኔ ነው። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በአልጋቸው ላይ፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በሰላም ዐርፈዋል።

አድሚራል ቤልሚሮ ኳሬዝማ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ግራሲንዳን፣ ልጆቻቸውን ኦታቪያንና ሩፊኖን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ይህችን እኅታቸውንና ከቤተሰቡ ወገን ሊቆጠሩ የሚገባቸውን ዶን ኤላዲዮን ትተው ሄደዋል። ከዋና ከተማው የመጣውን ትልቅ የአበባ ጉንጉን በተመለከተ፣ ላኪው ማን እንደሆነ ሪባኑ ላይ ስላልተጻፈ ቤተሰቡ ከበሩ ውጭ አስቀምጦታል።

ጌታ ሆይ፣ እኛ በምድር ዝም ያለ ተስማማ ብለን ብዙ ተጎዳን፤ አንተ ግን በዚህ ሰው ነገር ዝም አትበለን፤ ነፍሳቸውን በቅዱሳንህ ወገን ተቀብያለሁ በል።

የሟቹ የመጨረሻ ቃል አንድ ነው፤ ሣጥኑ ወደ መቃብር ሲወርድ በራስጌ በኩል ያለውን ገመድ ኤላዲዮ ይሰር፣ ማንም ፈትቶ አይየው የሚል ነው። በቤተሰቡ ዘንድ የተቃወመ የለም። ዶን ኤላዲዮ፣ ይቅረቡ። ኤርሜሊንዳም እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች።