ምጥ ለሰው አይነገርም

— ሄሎ? … አቤት እማ! ደህና ዋልሽ? … እኔ ደህና ነኝ። ምን እሆናለሁ? … ቤት ነኛ። ቁጭ ብያለሁ።

— ኢቢሴ፣ ማሎ፣ ጨሊሲ! እናቴ ናት፣ ከቢላ ነው የምትደውለው። ሆስፒታል መግባቴን አታውቅም። … እናንተም ዝም በሉ እባካችሁ፣ ትንሽ ብቻ።

— ሄሎ? … አለሁ፣ አለሁ። ማንንም አይደለም፣ ቴሌቪዥኑን ነው። … አዎ፣ ቴሌቪዥን አናግሬ አላውቅም። ሆድ ሲገፋ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ።

— የቱ ጩኸት? … እ፣ እሷ ጎረቤት ናት። ፍየል ጠፍታባት ነው። … ትወዳታለች እማ፣ ለዛ ነው እንዲህ የምትጮኸው። … ይኸው ዝም አለች። ተገኝታ ይሆናል። … የምን ሕፃን? … ግልገል ነው። ወልዳ ነው የተገኘችው።

— እማ፣ ያንን ነገር ዛሬ ባናነሳውስ? … አውቃለሁ። … አውቃለሁ፣ አራታችንንም ብቻሽን ነው የወለድሽን። በር ዘግተሽ፣ ለአባዬ እንኳ ሳትነግሪ። … እኔን የወለድሽ ቀን አባዬ አስተምሮ ሲመለስ እኔ ታጥቤ ተጠቅልያለሁ፣ ምሳውም ደርሷል። … ሰምቻለሁ። ወጡ ጨው በዝቶበት እንደነበርም ከእሱ ሰምቻለሁ።

— እሺ። … እሺ፣ ምጥ ለሰው አይነገርም። የሰማው ሰው በበዛ ቁጥር ይረዝማል። … ገብቶኛል እማ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ገብቶኛል። ለማን እነግራለሁ? ደግሞስ ቀኔ መች ደረሰና?

— … አንዴ ቆይ።

— …

— … ሄሎ። … አለሁ። ኔትወርኩ ነው። … ሳቃስት ሰማሽኝ? … ደረጃ እየወጣሁ ነበር። … አዎ፣ ቤታችን ደረጃ የለውም። የጎረቤቷ ደረጃ ነው። … ፍየሏን ልጠይቅላት ብዬ።

— ሐዊ? … የባሌ የገመቺስ እህት፣ አዎ። እሷማ አሳቧን አልቀየረችም። ቀን አስቆርጠሽ፣ ፀጉርሽን ተሠርተሽ፣ በኦፕራሲዮን መገላገል ነው ትላለች። … እሷ እንደዛ ነዋ የወለደችው። … አትቆጪ እማ፣ ሐኪሙ ነው ያዘዘላት። … ፀጉሩን ሐኪም አላዘዘም፣ እሱ እውነትሽን ነው።

— ሌንሳ ደግሞ አለችልሽ። … አታውቂያትም፣ መሥሪያ ቤት አብረን ነን። ገና አልወለደችም፣ ስልኳ ላይ ነው የምታየው። እሷ እንደምትለው መርፌ የለም፣ መድኃኒት የለም። ሙቅ ውኃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ገብቶ መተንፈስ ነው። … ገንዳ። … አይ፣ ከብት የሚጠጣበት አይደለም። … ነቀምቴ ያን ያህል ውኃ በአንድ ቀን ከየት እንደሚገኝ እኔም ጠይቄያት ነበር። እሱን አላሳዩም አለችኝ።

— እኔማ ነግሬሻለሁ። ሆስፒታል ነው የምወልደው። … ግፊቴ ከፍ ብሏላ። … የደም ግፊት፣ እማ። … አንቺ አልነበረብሽም ማለት አይደለም። የለካሽ ሰው አልነበረም።

— … አዎ፣ አልጋ ላይ ያስተኛሉ። … አዎ፣ ወንድ ተማሪም አይጠፋም። … ሊያይ አይደለም፣ ሊማር ነው የሚቆመው። … ልዩነቱን እኔም በደንብ አላውቀውም።

— እሺ ሲስተር፣ ይኸው ክንዴ። … ይለኩት ብቻ፣ ዝም ብዬ አወራለሁ።

— ማን? … እ፣ ሲስተር ያልኳት? … የገመቺስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት። ልትጸልይልኝ መጥታ ነው። … ክንድ ይዘው ነው የሚጸልዩት።

— እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከኑኑ ቁምባ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት አለች፣ ኢቢሴ የምትባል። … እዚሁ… ጎረቤት ናት። … አይ፣ የፍየሏ አይደለችም፣ ሌላ ናት። እሷ ሦስቱን እንደ አንቺ ቤቷ ነው የወለደችው፣ ምሰሶ ይዛ፣ ብቻዋን። ሦስተኛው ላይ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያወጧት። አራተኛውን ቤቴ አልወልድም ብላ ቀኗ ሳይደርስ መጣች። … አዎ፣ ጎበዝ ናት። … ግን ምን ትለኛለች መሰለሽ? እዚያ ሞት ነበር፣ እዚህ ደግሞ ሰው የለም ትለኛለች። ያኔ ምሰሶውን ታውቀው ነበር። እዚህ የሚይዟትን አንዳቸውንም አታውቃቸውም።

— እኔም እሱን ነው የምፈራው።

— … ቆይ። … ቆይ እማ…

— …

— … አለሁ። … ደረጃው ነው። … እየወረድኩ ነዋ፣ ወጥቼ አልቀር።

— ምን አልሽ? … አዎ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ፣ እማ። መርፌውንም ሐኪሙንም አይደለም የፈራሁት፣ አንቺ አለመኖርሽን ነው። … አላስገድድሽም። የሆስፒታል ደጃፍ አልረግጥም ብለሽ በማርያም ምለሻል፣ መሐላሽን አላስፈርስሽም። … እሺ። እሺ፣ አላለቅስም። … ሽንኩርት ነው።

— የሆስፒታሉ በር? … አረንጓዴው ነው፣ ትልቁ። ለምን ጠየቅሽኝ? … ለጎረቤትሽ። … የቢላ ሴትዮ የነቀምቴ ሆስፒታል በር ምን ያደርግላታል? … ይፈትሻሉ፣ አዎ። … ዱላማ አያስገቡም። … ማማሰያ? … እንጃ፣ የገንፎ ማማሰያ ይዞ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም።

— የምን ጥሩንባ ነው እዚያ? … ባጃጅ። … ቢላ እንዲህ ባጃጅ በዛ? … ማነው ደግሞ «እማማ፣ መንገድ ይልቀቁ» የሚለው?

— እማ። የት ነሽ?

— … ቤት ነሽ። … እሺ። እኔም ቤት ነኝ።

— … እማ፣ ቤትሽ ዘበኛ ቀጠርሽ እንዴ?

— …

— … አልረገጥሽውም። … ገባኝ፣ አስፋልቱ ላይ ነሽ፣ ደጃፉን አልረገጥሽውም። … እማዬ! … አላለቅስም አልኩሽ እኮ፣ ሽንኩርት ነው!

— ማን ነገረሽ? … ገመቺስ? ለማንም እንዳይተነፍስ አስምዬው ነበር! … ምን አለሽ? … ስለ ዝናብ ጠየቀሽ። … ያ ብቻ? … እውነትሽን ነው፣ ገመቺስ ስለ ዝናብ ጠይቆ አያውቅም። ገና ሳይነጋ ሰው ቀስቅሶማ ጭራሽ። … እና በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርሽ። … ለአባዬስ ምን አልሽው? … ምንም። … ምሳው ደርሷል? … ጥሩ።

— ገመቺስ በር ላይ ነው ያለው፣ ፈልጊው። ወንድ አይገባም ብለው አስወጥተውታል። … አጠገብሽ ቆሟል? … ምን ይላል? … አሁንም ስለ ዝናብ?

— ስልኩን ለዘበኛው ስጪው። … ስጪው እማ፣ አትሟገቺው፣ እኔ አናግረዋለሁ።

— ሄሎ፣ አካም ጂርቱ ወንድሜ። … እናቴ ናት። … ዱላ አይደለም፣ የገንፎ ማማሰያ ነው። … አዎ፣ ትልቅ ነው። እሷ ትንሽ ገንፎ አታገነፋም። … ቅቤውንም ካሸተቱት በኋላ ይመልሱላት። … የጥየቃ ሰዓት አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን እኔ ምጥ ላይ ነኝ። … አሁን ነዋ። … አይ፣ እያጋነንኩ… አይደለም… ቆይ… ቆይ ወንድሜ… ኡ… ኡኡ… እማዬን!

— …

— … ሄሎ? … አዎ፣ እኔ ነበርኩ። … ይግቡ? … ገለቶማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። … ማማሰያው እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ግድ የለም።

— መጣሁ ሲስተር፣ ልነሳ ነው። … እናቴ መጣች። ትግባልኝ፣ እባክዎ። እጄን ብቻ ነው የምትይዘው። … አትናገርም። … ትናገራለች፣ ግን በቀስታ። … ኢቢሴ፣ ደግፊኝ፣ ማሎ። … አዎ፣ እናቴ ናት! አንቺንም ትይዝሻለች፣ ሁለት እጅ አላት።

— እማ? … ገባሽ? … ረገጥሽው። … ማርያም ትረዳሻለች፣ እሷም እናት ናት። … ቀጥ ብለሽ ነይ፣ ከዛ በስተግራ። … ወንድ ሐኪም ካየሽ ዝም ብለሽ እለፊው፣ አትገላምጪው።

— ማን ማን ያውቃል? … ማንም። … ማንም አያውቅም እማ፣ ለሰው አልተናገርኩም። … ኢቢሴ ታውቃለች። … ሲስተርም። … እነዚህ አልጋ ላይ ያሉትም ሰምተዋል፣ ምን ላድርግ። … ዘበኛውንማ ራስሽ ነሽ ያገናኘሽኝ!

— … ይርዘማ። … ይርዘም እማ። አንቺ ካለሽ እስከ ነገም ይርዘም።

— … በቃ ልዝጋው። ድምፅሽ በስልኩም በኮሪደሩም እየመጣ ነው።