የቁስጥንጥንያዋ እመይቴ እና የእኛ ሰባት ቤት

«በእኛ ጊዜ እንዲህ እየተሳለ አይቆጠርም፤ በቃል ነው!» አልኳት። ማሕሌት፣ የልጄ የአልማዝ ልጅ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኩን ራፒድስ ባለው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛውን ሙሉ በወረቀት ሸፍናዋለች፣ እና ወረቀቱ ላይ ሳጥን፣ ከሳጥኑ መስመር፣ ከመስመሩ ሥር ደግሞ ሌላ ሳጥን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዘር መሆኑን ግን ሳየው አወቅኩት።

«የማን ዘር ነው?» አልኳት።

«የአንዲት የድሮ ሴትዮ ነው አባባ፣ የቁስጥንጥንያ። ለክላስ ፔፐር እየጻፍኩባት ነው።»

ስሟን ነግራኛለች፣ ደጋግማ ነግራኛለች፣ ምላሴ አልዞር አለኝ እንጂ። እና እኔ እመይቴ አልኳቸው፣ አለቀ። የትልቅ ሰው ልጅ ናቸዋ! አባታቸው የጦር አለቃ፣ አጎታቸው ከቤተ መንግሥት የማይጠፉ፣ የእናታቸው መሬት ደግሞ በፈረስ ተሄዶ የማያልቅ። ታዲያ እመይቴ ለአንድ የመኳንንት ልጅ ታጩ፣ ጥሎሹ መጣ፣ ቀሚሱ ተሰፋ፣ እና ይኼኔ ምቀኛ ተነሣና «እነዚህ እኮ ዘመዳሞች ናቸው!» አለ። መነኩሴ ተጠርቶ ቆጠረ። ሰባት ሆነ። በእነሱ ሕግ ሰባት አይጋባም፣ ስምንት ይጋባል። ታዲያ ቀሚሱ ተመልሶ ሣጥን ገባ።

«ሰባት ይቆጥራሉ?» አልኩ። ደስ አለኝ እኮ፣ እንደኛው ናቸው ብዬ። በእኛም እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ነው፣ ስምንት ሲገባ ነው ባዳ የሚሆነው።

«የእነሱ ይለያል አባባ። በዚህ በኩል እስከ ጋራው አያት ወደ ላይ ይወጡና በዚያ በኩል ይወርዳሉ። ከዚያ ሁለቱን ይደምሩታል።»

በጣቴ ሞከርኩት። ስምንት የሚሉት አራት ወጥቶ አራት መውረድ ነው! በእኛ ቢሆን ሰባት ሊሞላ የት ደርሶ!

«ኤዲያ! ይኼማ እህትና ወንድም ማለት ነው! እንኳን ተከለከሉ!» አልኳት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ! ይዋደዱ ነበር እኮ!»

«ከዚያስ ምን ሆኑ?»

«ገና አልጨረስኩትም። መጽሐፉን አየኸው? ጡብ ነው።»

ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠች፣ እና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ ቅዳሜ የዮናስ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ማማ አንተ ሳትቆጥር እሺ አልልም ብላለች» አለችኝ።

«እቆጥራለሁ።»

«ዘመድ ብንሆንስ?»

ከጠረጴዛው ሊወድቅ ያለውን ወረቀቷን ገፋ አደረግኩላት። ዮናስን እወደዋለሁ፤ ነርስ ነው፣ ሐኪም ጋ ሲወስደኝ ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ክር የሚያስርልኝ ልጅ ነው። ግን ቆጠራ ቆጠራ ነው። ትሰሙኛላችሁ? ለወደድኩት ብዬ አንድ ቤት አልጨምርም።

ታዲያ ቅዳሜ ሦስት ሆነው መጡ። ከፊት የዮናስ አያት፣ አቶ ሞላ፣ ሴንት ፖል የሚኖሩት። የትውልድ አገራችን ቅርብ ለቅርብ ነው፣ ወንዝ ነው የሚለየን፤ እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነበር። ዮናስ አድርሷቸው ውጭ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ በዚያ ብርድ። እነሱ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ፣ «አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አሉ።

«ተቀመጡ፤ ዘር ቆሞ አይቆጠርም» አልኳቸው።

ተቀመጡ። እኔም አውራ ጣቴን ያዝኩ። «ታደሰ አንድ። ገብሬ ሁለት። ወልዴ ሦስት። ደስታ አራት። ተክሌ አምስት። ዘውዴ ስድስት…»

አቶ ሞላ ብድግ አሉ። «የትኛው ዘውዴ?»

«አንድ ዓይናው። ፈረሱ ከነኮርቻው ገደል የገባበት።»

«በስመ አብ! የእኔም ዘውዴ እሱ ነው!» አሉ፣ እና እሳቸውም ጣታቸውን ያዙ፣ «ሞላ አንድ» ብለው ጀመሩ፣ ወጡ፣ ወጡ፣ ዘውዴ ላይ ደረሱ። ስድስት።

«ስድስት?» አለች አልማዝ።

«ስድስት» አልኩ።

«ስድስት» አሉ አቶ ሞላ።

አልማዝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንደኛው ሽማግሌ ኮቱን መፈለግ ጀመረ። እኔ ጣቶቼን አያለሁ፣ ጠላኋቸው።

ታዲያ ይኼኔ ማሕሌት ከፎቅ ወረደች። በወጉ ሽማግሌ ባለበት ልጅቷ አትወርድም፣ እሷ ግን ወረደች። ያን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አቅፋዋለች።

«አባባ፣ ጨረስኩት» አለችኝ።

«አሁን የመጽሐፍ ሰዓት ነው?» አለች እናቷ።

«ማማ፣ ፕሊስ! ሴትዮዋ ራሷ መነኩሴው ፊት ቀረበች። ድገመው አለችው። መነኩሴው የሚያውቀው እናቷን ነው፣ እና ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእናቷ ነበር። አሁንም ከእናቷ ጀምሮ ሰባት አለ። ከዚያ ምን አለችው መሰላችሁ? ‹አባቴ፣ እኔ አልተወለድኩም እንዴ?› እሷ ስትጨመር ስምንት ሆነ። ቀሚሷን አውጥታ አገባችው።»

እኛ ሽማግሌዎቹ ተያየን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልገባንም።

«ጎበዝ ሴት ናቸው» አሉ አቶ ሞላ፣ ለመሄድ ባርኔጣቸውን እያነሡ።

ማሕሌት በእግሯ ወለሉን መታች። «አባባ! አንተ ታደሰ አንድ አልክ። እሳቸው ሞላ አንድ አሉ። የምትጋቡት አንተና አቶ ሞላ ናችሁ እንዴ?»

ወዮ! እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አባቴ ያስቆጠሩኝ ከራሴ ጀምሬ ነው፣ ዕድሜ ልኬን ከራሴ ጀምሬ ቆጥሬአለሁ፣ እና ከሌላ ሰው ይጀመራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አቶ ሞላም እንደኔው። ሁለት ሽበታም፣ ሙሽሮቹን ረስተን ራሳችንን ስንድር!

ጣቴን ፈታሁ፣ እንደገና ያዝኩ። «ማሕሌት አንድ» አልኩ። «አልማዝ ሁለት። ታደሰ ሦስት። ገብሬ አራት። ወልዴ አምስት። ደስታ ስድስት። ተክሌ ሰባት።» ቆምኩ። «ዘውዴ ስምንት!»

አቶ ሞላም ከዮናስ ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ሳያልፉ። ስምንት። አልማዝ እልልታዋን አቀለጠችው። ማሕሌት በካልሲዋ በረዶው ላይ ወጥታ መኪናውን ስትደበድብ በመስኮት አየኋት፣ እና ዮናስ መስተዋቱን ዝቅ አደረገ፣ እና የነገረችውን አልሰማሁም፣ ብቻ ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው ዘሎ የወረደው።

ከበላን ከጠጣን በኋላ አቶ ሞላን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ትከሻዬን ይዘው ጫማቸውን አጠለቁ፣ ቀና አሉ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አቶ ታደሰ፣ እንኳንም እኔና እርስዎ አልተጋባን፤ ስድስት ቤት ነበርን እኮ!»